የቲቸር አበራ ፊኛዎች

ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ አልፎ ሰማዩ በተገለጠ ሰሞን፣ ኮዬ ፈጬ ከምኖርበት ኮንዶሚኒየም ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ያለች ጎረቤቴ የልጇን አምስተኛ ዓመት ልደት ስታከብር ፊኛ በመንፋት እንድረዳት ጠራችኝ። ምን ከባድ ነገር አለው ብዬ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ፊኛ ወደ አፌ ሳስጠጋው ግን ያ የላስቲክና የነጭ ዱቄት ሽታ፣ ከሃያ ዓመት ወዲህ አፍንጫዬ ያልደረሰ ሽታ፣ እስከ ጉሮሮዬ ዘልቆ ገባ። እጄ የሚያደርገውን ሳላስተውል አራት ነፋሁና አራቱንም አንገታቸው ላይ አንድ ላይ ቋጠርኳቸው። ማንም ሳያስተካክላቸው እርስ በርስ ተገፋፍተው፣ ሦስቱ እንደ ጉልቻ ወደ ታች ተዘርግተው፣ አራተኛው ሽቅብ ቆሞ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ጎረቤቴ አይታ፣ እንዴት ያምራል፣ የት ተማርሽው አለችኝ። ልጆቹም ዙሪያዬን ከበው ሌላ እንድሠራላቸው ጠየቁኝ። እኔ ግን አየር ልቀበል ብዬ ወደ ደረጃው ወጣሁና የብረቱን መደገፊያ ይዤ ብዙ ቆምኩ።

የተማርኩት ቡራዩ ነው፣ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ።

አባቴ ከከምባታ መጥቶ በአንድ የክር ፋብሪካ የሚሠራ፣ ከሥራና ከቸርች በቀር ሦስተኛ መንገድ የማያውቅ ሰው ነበር። ትምህርት ቤት ሊያስመዘግበኝ የሄደ ዕለት፣ የክፍል ኃላፊያችን የሚሆነው መምህር ፊት አቁሞኝ፣ ትማር እንደሆን ትማር፣ ካጠፋች ግን አንድም ቀን እንዳትታገሷት፣ ማሽኑ አጠገብ ቦታ ተይዞላታል ብሎ ነበር። መምህሩ ሳቅ ብሎ ወደ እኔ ሲመለከት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያ መምህር ቲቸር አበራ ነበር። የተጂ ገበሬ ልጅ፣ ረጅምና ቀጭን፣ የኮቱ እጅጌ ከአንጓው በላይ የቀረበት፣ የግራ ኪሱ ሁልጊዜ በጠመኔ የነጣ ሰው። ፊቱ ቆመን አንቱ እያልን፣ ዘወር ሲል እሱ እንለው ነበር። ዛሬ ሳስበው ያኔ ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም፤ በዕድሜ ጥዬው ሄጃለሁና እዚህም እሱ ብለው አይቀየመኝም።

ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የምትቀመጠው ሲፈን ነበረች። ከገፈርሳ ግድብ ማዶ ከሚያርሱት ከአባቷ ከኦቦ ቱሉ ቤት የመጣች፣ በየቀኑ ከአንድ ሰዓት በላይ በእግሯ የምትጓዝ ልጅ ናት። በክረምቱ መውጫ ጫማዋን በፌስታል ይዛ በጎማ ቦቲ ትመጣና በር ላይ ጭቃውን በባሕር ዛፍ ጭራሮ ፍቃ፣ ቦቲውን ለዘበኛው አደራ ሰጥታ፣ ደረቁን ጫማ አድርጋ እንደ ትልቅ ሰው ትገባለች። ቀሚሷ ጭስና እርጥብ ቅጠል ይሸታል። ኪሷ ውስጥ የገብስ ቆሎ አይጠፋም፣ የክፍል ሥራ ስንሠራ ከዴስኩ በታች በእፍኟ ታሻግርልኛለች። ኦሮምኛ ያስተማረችኝ እሷ ናት። መጀመሪያ ያስተማረችኝ ስድብ ስለነበር ዘበኛውን ሰላም ያልኩ መስሎኝ ሰድቤው፣ እሷ በሳቅ እንባዋን ስትጠርግ፣ እሱ ለሳምንት ያህል ዘግቶኝ ነበር።

በደረጃ አንደኛ የምወጣው እኔ ነበርኩ። መጽሐፉን ከገጽ እስከ ገጽ እሸመድዳለሁ፤ ፈተና ላይ የቀረበው ጥያቄ መጽሐፉ ውስጥ ከየትኛው መስመር እንደተወሰደ ሳይቀር አውቀዋለሁ። ኬሚስትሪ ላይም እንዲሁ ነበርኩ፣ ቲቸር አበራ ፊኛዎቹን ይዞ እስከመጣበት ቀን ድረስ።

በዚያን ዕለት የምንማረው አተሞች እንዴት እንደሚያያዙ ነበር። መጽሐፋችን ላይ ሚቴን የሚባለው ሞለኪውል እንደ መስቀል ተሥሏል፣ ካርቦኑ መሐል፣ አራቱ ሃይድሮጅኖች በአራቱ ማዕዘን። ሁላችንም በደብተራችን ገልብጠን ጨርሰናል። ቲቸር ሥዕሉን ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሠራውና ወዲያው በእጁ አጠፋው። ወረቀት ጠፍጣፋ ስለሆነ ነው እንጂ ሞለኪውል ጠፍጣፋ አይደለም አለና ከኪሱ ፊኛ አወጣ። ከስድሳ የማናንስ ተማሪዎች ጉንጩ ሲያብጥ፣ የአንገቱ ሥር ሲወጣጠር እያየን ትንፋሻችንን ያዝን። አራተኛው ላይ ሲደርስ ፊኛው ፈነዳና የጎረቤት ክፍል የታሪክ አስተማሪ በሩን ከፍቶ የማን ልደት እንደሆነ ጠየቀ። ቲቸር ግን አልሳቀም፤ አምስተኛውን ነፍቶ አራቱን አንድ ላይ ቋጥሮ ከፍ አድርጎ ያዘልን። አተሞቹን የሚያያይዟቸው ሁለቱም የሚጋሯቸው ጥንድ ኤሌክትሮኖች መሆናቸውን፣ ጥንዶቹ ደግሞ እርስ በርስ ስለሚገፋፉ በተቻላቸው መጠን እንደሚራራቁ ነገረን። አራቱ ፊኛዎችም ከዚያ ከፍታ ላይ ልክ እሱ እንዳለው ተራርቀው ይታዩ ነበር። አንዱን ፊኛ ወደ ሌላው ቢጫነው እንኳ እጁን ሲያነሳ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ።

ቀጥሎ ወደ ውሃ መጣ። ኦክስጅን መሐል፣ ሁለት ሃይድሮጅን ግራና ቀኝ። ታዲያ ለምን እንደ ቀጥ ያለ ዱላ አልሆነም፣ ለምን ጎበጠ ብሎ ጠየቀን። መጽሐፉ ላይ መልስ ስላልነበረ እኔም መልስ አልነበረኝም። ሲፈን እጇን አወጣች። በእንግሊዝኛ ጀምራ ተያዘች፣ በአማርኛ ሞከረች፣ በመጨረሻ «ኢሳኒስ ባካ ባርባዱ» አለች። እነሱም ቦታ ይፈልጋሉ ማለት ነው። ቲቸር እነማን ብሎ ጠየቃት።

«ያልተያያዙት» አለች። «ኦክስጅኑ ላይ ከማንም ጋር ያልተያያዙ ጥንዶች ይቀራሉ። ሥዕሉ ላይ አይታዩም፣ ግን ይገፋሉ።»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቲቸር ጠመኔውን አስቀምጦ ወደ ዴስካችን መጣና ማን እንደነገራት ጠየቃት። ማንም አልነገራትም። ብቻ ዓይኗን ጨፍና፣ አየር ላይ እጇን እንደ ሰው ራስ ዳሰስ እያደረገች፣ ሳዞረው ታየኝ አለችው። የዚያን ዕለት ፊቱ ላይ ያየሁትን ደስታ አልረሳውም። ደስታው ለእኔ እንዳልነበረም አልረሳሁትም።

ከዚያ ወዲያ ሲያስተምር ዓይኑ ወደ ዴስካችን ያዘነብል ጀመር፣ ወደ እሷ በኩል። ከትምህርት በኋላ ከመስክ ጭቃ ድቡልቡል እያበጀች፣ በጭራሮ እየሰካካች የምትሠራቸውን ሞለኪውሎች መስኮቱ ላይ ደርድሮላት ነበር። እኔ አሁንም አንደኛ ነበርኩ። እሷን እንደ እህቴ እወዳት ነበር፤ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ የቆሎዋን እፍኝ ስቀበል አንድ ነገር ደረቴ ውስጥ ይጎረብጠኝ ጀመር። ስሙን ያኔ አላወቅሁትም፤ ቅናት ነበር።

ትምህርት ቤቱ ውስጥ ለብዙ ዓመት ተቆልፎ የኖረ ላብራቶሪ ነበር። ቲቸር አበራ ለምኖ ቁልፉን አገኘና ዕቃውን እንድናጥብ እኔንና ሲፈንን መረጠን። መስኮቶቹ ዝገው ተጣብቀዋል፣ መደርደሪያዎቹ ላይ የሸረሪት ድር ተጋርዷል፣ ጠርሙሶቹ ላይ ተለጥፈው የነበሩትን ወረቀቶች አይጥ በልቷቸዋል። ብርጭቆዎቹን ብቻ በሳሙና እጠቡ፣ ጠርሙሶቹን ግን እንዳትነኩ አለን። ሁለት ጊዜ ነው ያለን፤ ሁለተኛውን ጊዜ በር ላይ ቆሞ ወደ ኋላ ዞሮ ነበር። ከዚያ ለስብሰባ ተጠርቶ ሄደ።

እኔ ከቤት የእናቴን በረኪና በትንሽ ጠርሙስ ይዤ መጥቼ ነበር። ሲመለስ ቡናማ የሆነው የእጅ መታጠቢያ ነጭ ሆኖ እንዲያገኘውና ማን አነጣው ብሎ እንዲጠይቅ ፈልጌ ነው። በረኪናውን አፈሰስኩት፣ ዝገቱ ግን ንቅንቅ አላለም። አንድ ቀን ቲቸር አሲድ ዝገትን ይበላል ብሎን እንደነበር ትዝ አለኝ። ዝቅተኛው መደርደሪያ ላይ ክዳኑ የተበላ፣ አፉ የሚጨስ ጠርሙስ አይቼ ይሄ መሆን አለበት አልኩ። ማንም ሳይነግረኝ እኔም ማወቅ እንደምችል ላሳይ ነበር። ሲፈን ብርጭቆ እያጠበች፣ ተይው፣ አትንኩ ብሎናል አለችኝ። ሰማኋት። አፈሰስኩት።

አሲዱ ከበረኪናው ጋር ተገናኝቶ መታጠቢያው ሲንጨረጨር፣ ቢጫ ይሁን አረንጓዴ ያልለየ ጭስ ወደ ላይ ሲነሳ፣ ዓይኔና ጉሮሮዬ በእሳት ሲያዝ አስታውሳለሁ። እግሬ አልንቀሳቀስ አለኝ። ሲፈን በሹራቤ ኮሌታ ይዛ እየጎተተች እስከ በሩ አድርሳ ገፋችኝና ተመለሰች። መስኮቱን ልትከፍት ነበር። የመስኮቱ ብረት እንደዛገ ሁለታችንም እናውቃለን። እኔ ውጭ ሣሩ ላይ ተንበርክኬ ሳስል፣ እሷ ከውስጥ ብረቱን በብርጭቆ ስትደበድበው ይሰማኝ ነበር፤ ከዚያ ድብደባው ቆመ፣ ሳል ብቻ ሆነ። ዘበኛው ሮጦ ገብቶ በትከሻው ተሸክሞ አወጣት።

እኔ ሁለት ቀን ሳልኩ። እሷ አሥራ ስምንት ቀን ሆስፒታል ተኛች።

በማግስቱ ዳይሬክተሩ ቢሮ ጠራኝ። ቲቸር አበራ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ነበር፤ ዓይኑ ቀልቷል፣ እንቅልፍ ያላየ ሰው ይመስላል። ዳይሬክተሩ ለወላጅ የሚላክ ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቷል። የአባቴ ፊት፣ የክሩ ማሽን፣ እናቴ በረኪናዋን ስትፈልግ ሁሉም አንድ ላይ ታዩኝ። ጠርሙሱን አንሺ ያለሽ ማን ነው ብሎ ዳይሬክተሩ ጠየቀኝ።

«ቲቸር ነው» አልኩ። «በሱ እጠቡ አለን።»

ቲቸር አበራ አየኝ። ቁጣ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ረስቼው ነበር። ያየኝ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ወጥቶ የተሳሳተ መልስ የጻፈን ተማሪ እንደሚያይ ነው፤ ዳስተሩን አንስቶ ራሱ እስኪያስተካክል እንደሚጠብቅ። ጠበቀኝ። የግድግዳው ሰዓት ሲቆጥር ይሰማኛል። እኔ ጫማዬን አየሁ።

«አዎ» አለ በመጨረሻ። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሌላ ቦታ ተዛወረ ተባለ፣ የት እንደሆነ የነገረን የለም። ላብራቶሪው ላይ አዲስ ቁልፍ ተንጠለጠለ። መስኮቱ ላይ የነበሩት የጭቃ ሞለኪውሎች አንድ በአንድ እየተሰነጠቁ ሲረግፉ የጽዳት ሠራተኛዋ ጠረገቻቸው። እስከ ዓመቱ መጨረሻ የኬሚስትሪ አስተማሪ አልመጣልንም፤ በዚያ ክፍለ ጊዜ አንዳንዴ የስፖርት መምህሩ ገብቶ ዝም በሉ ይለናል፣ አንዳንዴም ሜዳ ያስወጣናል። ሲፈን አልተመለሰችም። ዳገቱን ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ አባቷ አንድ ዓመት ትረፍ ብለዋል ሲባል ሰማሁ። አንድ ዓመቱ ሁለት ሆነ፣ ከዚያ ስለእሷ የሚያወራ ጠፋ። ልጠይቃት አንድ ጊዜ እስከ ሆስፒታሉ በር ሄጄ ሙዝ ይዤ ቆሜያለሁ። ኦቦ ቱሉ ጋቢያቸውን ተከናንበው በር ላይ ተቀምጠው ሳይ ሙዙን ለለማኝ ሰጥቼ ተመለስኩ። ገፈርሳ ግን ድፍን ሃያ ዓመት አልሄድኩም።

እኔ አንደኛ ወጣሁ። ምርጫ ሲመጣ ሶሻል መረጥኩ፣ አስተማሪዎቼ ቢገርማቸውም ምክንያቱን አልነገርኳቸውም። ዛሬ አንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ እተይባለሁ። ቤቴ ውስጥ በረኪና ገብቶ አያውቅም፤ ሰዎች ነጭ ልብሴ በደንብ አለመንጣቱን ሲያስተውሉ ሽታው ራሴን ያመኛል እላለሁ። ታክሲ ውስጥ እጅጌው ያጠረበት ኮት የለበሰ ሰው ከፊቴ ከተቀመጠ እስኪወርድ ድረስ ማጅራቱን አያለሁ። ብዙ ጊዜ ከመውረጃዬ አልፌ ሄጃለሁ። አንድ ጊዜ እንዲያውም አንዱን ቲቸር ብዬ ጠርቼው ዞረ፤ የማላውቀው ሰው ነበር፣ እሱም አስተማሪ ኖሮ አቤት አለኝ።

ከልደቱ በኋላ ያለው ቅዳሜ ከኮዬ ፈጬ በአውቶቡስ፣ ከዚያም በሁለት ሚኒባስ ገፈርሳ ደረስኩ። መንገዱ ዳር ባሕር ዛፉ ሳስቷል፣ እርሻ የነበረው ሁሉ በቆርቆሮ ታጥሮ የግቢ በር ሆኗል። አንድ ሽማግሌ የኦቦ ቱሉን ቤት ስጠይቃቸው፣ እሳቸውማ አርፈዋል ልጄ፣ ወተት የምትሸጠዋን ልጃቸውን እንደሆነ ያቻትልሽ ብለው በከዘራቸው አመለከቱኝ።

ገና ሳልናገር አወቀችኝ። ስሜን ጠርታ፣ አካም ጅርታ ብላ አቀፈችኝ። ወፍራለች፣ ፀጉሯ ከግንባሯ ሽበት ጀምሯል፤ ስታቅፈኝ ደረቷ ውስጥ እንደ ቀጭን ፉጨት ያለ ድምፅ ሰማሁ። ወተቱን ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ስትገለብጥ መሐል ላይ ቁጭ ብላ ታርፋለች። ስለ ልጆቿ ነገረችኝ፣ ስለ እኔ ጠየቀችኝ፣ የተሰደበው ዘበኛ ትዝ ብሏት ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ሳል ሲዞርባት እስኪያልፍ እጇን አንስታ ጠብቂ አለችኝ። ከዚያ በላይ መቀመጥ አልቻልኩም።

«ሲፈን፣ ያኔ ዳይሬክተሩ ጋ ቲቸር ነው ያዘዘን ብዬ ዋሽቻለሁ» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች፣ ዕቃውን እየከደነች። «ራሱ ነግሮኛል።»

ቢሮ በተጠራሁበት ዕለት ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ሄዶ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። መናገር ስላልቻለች እሱ ብቻ ነው ያወራው። ሲፈን ቃሉን ሳትረሳ ነገረችኝ፤ እውነቱን ብናወጣው ያባርሯታል፣ አባቷ ደግሞ ማሽኑ ላይ ያስቀምጧታል፣ እኔ የትም ሄጄ አስተምራለሁ፣ አንቺ መቼ እንደምትድኚ አናውቅም፣ ቢያንስ እሷ ትማር። ራሷን ነቅንቃ እሺ አለችው። ኦቦ ቱሉ እስኪሞቱ ድረስ የዚያን አስተማሪ ስም በተነሳ ቁጥር ሲረግሙት እሷ እዚያው ተቀምጣ ትሰማ ነበር። ለአባቷ እንኳ አልተናገረችም።

አሁን የት ነው ብዬ ጠየቅኋት። ተጂ አርፏል አለችኝ፣ ሦስት ዓመቱ ነው። ለቅሶው ላይ ሄዳ ከእህቱ ጋር አልቅሳለች። በየገጠሩ እየተዛወረ እስከ መጨረሻው አስተምሯል፤ የላብራቶሪ ቁልፍ ግን ከዚያ ወዲህ ከማንም ተቀብሎ እንደማያውቅ እህቱ ነግራታለች።

አለቀስኩ። ሲፈን አላባበለችኝም፣ አልከለከለችኝምም። ስጨርስ እጇን በሻሿ ጠረገችና የተቀመጠችበትን ዱካ ወደ እኔ ሳብ አደረገች። ፊቷ ላይ ያ የዘጠነኛ ክፍሏ ልጅ ብቅ አለች።

«ሁልጊዜ ልጠይቅሽ የምፈልገው ነገር ነበር» አለች። «ቲቸር አንዱ የውሃ ሞለኪውል ራሱ እንዴት እንደተያያዘ ነግሮናል። አንዱን ውሃ ከሌላው ውሃ ጋርስ የሚይዘው ምንድን ነው? ግድቡ ዳር ስቀመጥ አስበዋለሁ። በዚያ ባልተያያዘው በኩል ይመስለኛል የሚይዘው። እሱ ከሄደ በኋላ ያንን አስተማሯችሁ አይደል?»

አላውቅም አልኳት። አስተማሪ እንዳልመጣልን፣ ዓመቱን ሙሉ በዚያ ክፍለ ጊዜ ኳስ እንደተጫወትን፣ እኔም ከዚያ በኋላ ኬሚስትሪ የሚባል እንዳልነካሁ ነገርኳት።

ጣቶቿ አየር ላይ አንድ ነገር ሊያዞሩ ጀምረው ነበር፣ ቀስ ብለው ጭኗ ላይ ወረዱ።

«እኔኮ» አለች፣ «ይሄን ሁሉ ዓመት እናንተ የምታውቁት ይመስለኝ ነበር።»